አንድ ጉዞ፣ ሁለት ምዕራፍ፦ መጤ አከርካሪ አልባ እንስሳት ወደ አዲስ ውኃ የሚደርሱባቸው መንገዶች

ከሴፕቴምበር 8 ቀን 2024 አንሥቶ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የባላስት ውኃ (መርከብ ሚዛኑን ለመጠበቅ በታንኮቹ የሚይዘው ውኃ) ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚመለከታቸው መርከቦች በሙሉ፣ ወደብ ላይ የሚደፉት ውኃ ሕይወት ካላቸው ነገሮች በተወሰነ ልክ የጸዳ እንዲሆን ግዴታ አለባቸው። ስምምነቱ ከተፈረመ 20 ዓመት ሞልቶት ነበር። ከዚህ ቀን አንድ ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በኦክቶበር 2024፣ በካሊፎርኒያ የስቶክተን ወደብ ወርቃማው ማስል የሚባለው የእስያ ተወላጅ ተገኘ። በሰሜን አሜሪካ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ማስል የሚባሉት በሁለት ክዳን ዛጎል ውስጥ የሚኖሩ፣ ከጠንካራ ነገር ላይ ተጣብቀው ውኃ እያጣሩ የሚመገቡ ለስላሳ አካል ያላቸው እንስሳት ናቸው።

የሁለቱ ዜናዎች መገጣጠም ሁለት ዓይነት አስተያየት አስከትሏል። አንዱ ወገን ሕጉ ምንም አልፈየደም ይላል። ሌላው ደግሞ እንስሳት ከጥንት ጀምሮ ከውኃ ወደ ውኃ ሲዛወሩ የኖሩ ስለሆነ ነገሩን በሕግ ለመግታት መሞከር ከንቱ ድካም ነው ይላል። የመጀመሪያው አስተያየት የጊዜውን ቅደም ተከተል ይስታል፤ ለዓይን የሚታይ ማስል በአንድ ወር ውስጥ መጥቶ፣ ተጣብቆና አድጎ የሚገኝ አይደለም። የሁለተኛው ስሕተት ግን ጠለቅ ያለ ነው። የመጤ እንስሳት ጉዞ ሁለት ምዕራፎች አሉት፤ አንደኛው ውቅያኖስ የሚያሻግረው ረጅም ዝላይ ሲሆን ሁለተኛው ከደረሱበት ወደብ ተነሥተው በወንዝ፣ በሐይቅና በግድብ የሚበተኑበት የአጫጭር እርምጃዎች ሰንሰለት ነው። ሁለቱንም ምዕራፎች በዋነኛነት የሚያንቀሳቅሰው የሰው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ዓለም አቀፉ ሕግ በአመዛኙ የተጻፈው ለመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው።

መጤ ሁሉ ወራሪ አይደለም

አከርካሪ አልባ እንስሳት የሚባሉት የጀርባ አጥንት የሌላቸው ናቸው፤ በውኃ ውስጥ ሸርጣን፣ ሽሪምፕ፣ ክሬይፊሽ፣ ቀንድ አውጣ፣ ማስል፣ ጄሊፊሽና በማይክሮስኮፕ ካልሆነ የማይታዩ እጅግ ብዙ ፍጥረታት ይገኙባቸዋል። «መጤ» የሚባለው ዝርያ ከተፈጥሮ መኖሪያው ውጭ በሰው አማካይነት የደረሰ ነው። «ወራሪ» የሚባለው ደግሞ ከመጤዎቹ መካከል ተራብቶና ተስፋፍቶ ጉዳት ያደረሰው ብቻ ነው። በ2023 ይፋ የሆነው የመንግሥታት የብዝኀ ሕይወት ሳይንስ መድረክ ግምገማ በዓለም ዙሪያ ከ37,000 በላይ መጤ ዝርያዎች ሥር መስደዳቸውን፣ ከእነዚህም ጉዳታቸው በማስረጃ የተረጋገጠው ከ3,500 በላይ መሆናቸውን ገልጿል። በሕዝብ ንግግር ሁለቱ ቃላት እየተቀያየሩ መነገራቸው ለክርክሩ መደናገር ትልቅ ድርሻ አለው።

በመርከብ ታንክ ውስጥ

ባላስት ውኃ ማለት ያልተጫነ ወይም በከፊል የተጫነ መርከብ ሚዛኑን እንዲጠብቅ በታንኮቹ የሚሞላው ውኃ ነው። የጭነት መርከብ ዕቃውን ባራገፈበት ወደብ የጎደለውን ክብደት ለማካካስ የዚያኑ ወደብ ውኃ ይስባል፤ አዲስ ጭነት ወደሚያነሣበት ወደብ ሲደርስም ይደፋዋል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ዕቃ የሚላክበት ወደብ ብዙ የባዕድ ውኃ የሚደፋበት ወደብ ይሆናል፤ ዕቃው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ እንስሳቱ በተቃራኒው ይመጣሉ ማለት ነው። በዚህ መንገድ በየዓመቱ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወረው ውኃ በቢሊዮን ቶን ይገመታል።

የውኃ አከርካሪ አልባ እንስሳት ለዚህ ጉዞ የተመቹ የሚሆኑት በአብዛኛው በልጅነት ዕድሜያቸው ምክንያት ነው። በጥቁር ባሕርና በካስፒያን ባሕር ዙሪያ የተገኘውን፣ ዛጎሉ ዥንጉርጉር በመሆኑ ዜብራ ማስል የተባለውን እንስሳ እንውሰድ። አንዲት እንስት በዓመት እስከ አንድ ሚሊዮን እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ መጀመሪያ ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይበልጥም፤ እግርም ሆነ ክዳን ሳያጠነክር በጥቃቅን ፀጉሮቹ እየተንሳፈፈ ለሳምንታት በውኃው ውስጥ ይቆያል። የመርከብ ፓምፕ ሲስበው ወንፊት አይዘውም፣ ዓይንም አያየውም። በ1988 በዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ ድንበር ላይ ባለው የሴንት ክሌር ሐይቅ ሲገኝ፣ የመጣው ከአውሮፓ በባላስት ውኃ እንደሆነ የተደረሰበት በዚሁ ምክንያት ነው። በዲሴምበር 1989፣ ማለትም ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ በሚሺጋን ግዛት የምትገኘው ሞንሮ ከተማ የውኃ መሳቢያ ቱቦዋ በማስልና በበረዶ ተደፍኖ አቅርቦቷ ለጊዜው ተቋርጧል።

ስምምነቱ በ2004 ተፈርሞ በ2017 ሥራ ላይ ሲውል ሁለት ደረጃዎችን አስቀምጧል። የመጀመሪያው መርከቦች ከየብስ ርቀው በጥልቁ ባሕር ላይ ውኃቸውን እንዲለውጡ የሚያዝዝ ሲሆን፣ ሐሳቡም የወደብ እንስሳት በጥልቅ ውቅያኖስ፣ የውቅያኖስ እንስሳትም በወደብ መኖር ያዳግታቸዋል የሚል ነው። ሁለተኛውና ጥብቁ ደረጃ ውኃው በማጣሪያ፣ በአልትራ ቫዮሌት ጨረር ወይም በኬሚካል እንዲታከም ይጠይቃል፤ ከታከመ በኋላ በአንድ ሜትር ኩብ ውኃ ውስጥ 50 ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ሕያው ፍጥረታት ከ10 ማነስ አለባቸው። ማይክሮሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው።

ቁጥሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። 50,000 ሜትር ኩብ ውኃ የሚደፋ ትልቅ መርከብ ደረጃውን ሙሉ በሙሉ አክብሮ እንኳ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሕያው እንስሳትን ሊለቅ ይችላል። ሕጉ የተሠራው አደጋውን በእጅጉ እንዲቀንስ ነው፤ ዜሮ ያደርገዋል ብሎ የጠበቀ ሰው ስምምነቱን አላነበበም ለማለት ይቻላል። መቀነሱ ደግሞ ቀላል ውጤት አይደለም። ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የሚገቡ መርከቦች ታንኮቻቸውን፣ ባዶ የተባሉትንና ጭቃ ብቻ የቀረባቸውን ጭምር፣ በጨዋማ ውኃ እንዲያጥቡ በ2006 በካናዳ፣ በ2008 በዩናይትድ ስቴትስ ከታዘዘ ወዲህ በዚያ አካባቢ የአዳዲስ መጤዎች ግኝት በጉልህ ቀንሷል።

ከመርከቡ ውጭ የሚጣበቁት

ታንኩ ቢጸዳም የመርከቡ ውጫዊ አካል ይቀራል። ባርናክል የሚባሉት ትንንሽ ባለ ቅርፊት ተጣባቂ እንስሳት፣ ማስልና የተለያዩ ትሎች ከውኃ በታች ባለው የመርከብ ክፍል ላይ፣ በተለይም ውኃ በኃይል በማይነካቸው ስርጉድ ቦታዎች ተጣብቀው ይጓዛሉ። ይህ መንገድ ከባላስት ውኃ እጅግ ይቀድማል፤ የእንጨት መርከቦች በነበሩበት ዘመንም ይሠራ ነበር። የአውሮፓ አረንጓዴ ሸርጣን በ1817 በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሲመዘገብ መርከቦች ለማመጣጠኛ ውኃን መጠቀም ገና አልጀመሩም።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳት ሌላውን ያስከተለበት ታሪክ አለ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ መርከቦች ተጣባቂዎችን የሚገድል፣ ትራይቡቲልቲን የተባለ የቆርቆሮ ውህድ ያለበት ቀለም ይቀቡ ነበር። ቀለሙ ሥራውን በሚገባ ቢሠራም ከመርከቡ እየሟሟ ኦይስተር የተባለውን ባለ ሁለት ክዳን እንስሳ ዛጎል አበላሸ፤ በአንዳንድ የባሕር ቀንድ አውጣዎችም እንስቶቹ የወንድ አካል እንዲያበቅሉ አደረገ። በ2008 ሥራ ላይ በዋለ ሌላ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሲታገድ ውሳኔው ትክክል እንደነበር የሚከራከር የለም። ይሁንና ተጣባቂ እንስሳትን በተመለከተ ዛሬ ያለው ዓለም አቀፍ ሰነድ መመሪያ እንጂ አስገዳጅ ሕግ አይደለም።

ሰው የቆፈራቸው ወንዞች

ቦይ የተፈጥሮን አጥር አንድ ጊዜ ካፈረሰ በኋላ ሌት ተቀን ክፍት ሆኖ የሚኖር መንገድ ነው። በ1869 የተከፈተው የሱዌዝ ቦይ በር የለሽ፣ ከባሕር ወደ ባሕር የሚፈስ ስለሆነ ከቀይ ባሕር ወደ ሜድትራንያን በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎችን አሳልፏል። መጀመሪያ ላይ ግን ጉዞው አዝጋሚ ነበር። በቦዩ መካከል ያሉት መራራ ሐይቆች ወለላቸው ጨው ስለነበረ ውኃቸው ለብዙ እንስሳት ከሚቻለው በላይ ይጨውም ነበር፤ በሰሜኑ ጫፍ ደግሞ የናይል ጎርፍ የባሕሩን ጨው እየቀነሰ ሌላ አጥር ይሠራ ነበር። ጨው አሥርት ዓመታትን ወስዶ እየሟሟ ሄደ፤ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 ሲጠናቀቅም የጎርፉ አጥር ተነሣ። የቦዩ መስፋትና መጥለቅ ሲጨመርበት የእንስሳቱ ፍሰት በረታ። የዘላኑ ጄሊፊሽ መንጋ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በምሥራቅ ሜድትራንያን የመዋኛ ዳርቻዎችን የሚያስዘጋውና የኃይል ማመንጫዎችን የውኃ መሳቢያ የሚደፍነው ከዚህ የተነሣ ነው።

በመሐል አውሮፓም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በ1992 የተከፈተው የማይንና የዳኑብ ቦይ የጥቁር ባሕርን ተፋሰስ ከሰሜን ባሕር ጋር ሲያገናኝ፣ ርዝመቱ ቢበዛ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሆነው «ገዳይ ሽሪምፕ» በጥቂት ዓመታት ውስጥ በራይን ወንዝ ተገኘ። በ2010 ባሕር ተሻግሮ በእንግሊዝ የግራፍሃም ግድብ ሐይቅ ታይቷል። ወደዚያ ግን ያደረሰው ቦይ አልነበረም፤ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ የሚያስገባን ይህ ነው።

ከሐይቅ ወደ ሐይቅ

ወንዝ እጭን ወደ ታች ይወስዳል እንጂ ወደ ላይ አይመልስም። ወርቃማው ማስል በ1991 በአርጀንቲናው የሪዮ ዴ ላ ፕላታ አፍ ከተገኘ በኋላ የፓራና ወንዝን ይዞ በዓመት በአማካይ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጥቶ፣ በ2001 ብራዚልና ፓራጓይ ከሚጋሩት የኢታይፑ ኃይል ማመንጫ ደርሷል። ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ እጭ የዚያን ትልቅ ወንዝ ፍሰት ተቃውሞ በራሱ ኃይል ሊወጣ አይችልም። ከጀልባዎችና ከመርከቦች ሌላ ይህን ሊያስረዳ የሚችል ነገር ማግኘት ይከብዳል።

የዜብራ ማስል የቅርብ ዘመድ የሆነው ኳጋ ማስልም በጃንዋሪ 2007 በምዕራብ አሜሪካ በሚገኘው ሚድ ሐይቅ ሲገኝ፣ ከዚያ በፊት ይኖርባቸው ከነበሩት ታላላቅ ሐይቆች ጋር የሚያገናኘው የውኃ መስመር አልነበረም፤ በመካከል የሮኪ ተራሮች አሉ። የሄደው ተጎታች ላይ ተጭኖ በአውራ ጎዳና ነው። እነዚህ ማስሎች ክዳናቸውን ዘግተው በቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ከውኃ ውጭ ለቀናት በሕይወት መቆየት ይችላሉ፤ የመዝናኛ ጀልባ ሞተር ማቀዝቀዣ ቱቦ፣ የመልሕቅ ገመድ የሚቀመጥበት ሳጥንና ወለል ላይ የቀረ ጥቂት ሊትር ውኃ ይበቃቸዋል። ከኒውዚላንድ የተነሣው፣ ርዝመቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጠው የጭቃ ቀንድ አውጣ ደግሞ ከዓሣ አጥማጆች ጫማ ሶል ጋር ይጓዛል፤ በዓሣ ተውጦ በሆድ ዕቃው ካለፈ በኋላ እንኳ በሕይወት ሊወጣ እንደሚችል ተረጋግጧል።

ንግድም አለ። በማርች 2021 በዩናይትድ ስቴትስ ለቤት የዓሣ ገንዳ ማስዋቢያ በሚሸጡ፣ ክብ የአልጌ ድቡልቡሎች ውስጥ ዜብራ ማስሎች ተሸሽገው ተገኙ። ከዚያ በኋላ በተደረገ ፍተሻ በብዙ ግዛቶች ባሉ መደብሮች ተመሳሳይ ነገር ታየ። ለዓመታት በጀልባ መግቢያዎች ላይ ጠባቂ ሲያቆሙ የኖሩ ግዛቶች ይህን በር ጨርሶ አልጠበቁትም ነበር። የገንዳውን ውኃና ድቡልቡል ወደ ጅረት የሚደፋ አንድ ሰው የጀልባን ያህል ሥራ ይሠራል።

ወፍና ማዕበል ስንት ያሻግራሉ?

እንስሳት ድሮም ይዛወራሉ የሚለው ክርክር ሐሰት አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን የዳክዬ እግሮችን የቀንድ አውጣ እንቁላሎች በሚፈለፈሉበት የውኃ ገንዳ ውስጥ አንጠልጥሎ ነበር። ገና የተፈለፈሉት ቀንድ አውጣዎች በእግሩ ላይ ተጣበቁ፤ ከውኃ ወጥቶ ሲራገፍም ሊወድቁ አልቻሉም፤ በእርጥብ አየር ውስጥም ከ12 እስከ 20 ሰዓት በሕይወት ቆዩ። በዚህ ጊዜ ዳክዬ ቢያንስ 600 ወይም 700 ማይል ሊበርር እንደሚችል አስልቷል። የውኃ ቁንጫ የሚባሉት ጥቃቅን እንስሳት ድርቅና ቅዝቃዜ የሚቋቋሙ አንቀላፊ እንቁላሎችም ከወፍ ላባና ጭቃ ጋር ሩቅ ይሄዳሉ።

ልዩነቱ በመጠን፣ በድግግሞሽና በአቅጣጫ ነው። ወፍ የሚያሻግረው ጥቂቶችን ነው፤ የሚበርረውም ለሺህ ዓመታት ሲበርርባቸው በኖሩ መሥመሮች ስለሆነ ሊደርሱ የሚችሉት በአመዛኙ ቀድመው ደርሰዋል። በማርች 2011 የጃፓን ሱናሚ ወደ ባሕር ከጠረገው ፍርስራሽ ጋር በቀጣዮቹ ስድስት ዓመታት 289 ሕያው የጃፓን ዝርያዎች፣ አብዛኞቹ አከርካሪ አልባ፣ ፓስፊክን ተሻግረው በሰሜን አሜሪካና በሃዋይ ዳርቻዎች ተመዝግበዋል። ማዕበሉ የተፈጥሮ ነው፤ ለዓመታት ሳይበሰብስ የተንሳፈፈው ፕላስቲክና ፋይበር ግላስ ግን አይደለም። እንጨት ቢሆን ኖሮ የባሕር ትሎች በመንገድ ላይ በልተው ይጨርሱት ነበር።

ደርሶ መቅረት እና ደርሶ መብዛት

መድረስ ብቻውን ሥር መስደድ አይደለም። ማርክ ዊሊያምሰን የተባሉ የሥነ ምህዳር ሊቅ በ1990ዎቹ ያስፋፉት ግምታዊ ሕግ፣ ከሚገቡት አሥር አንዱ ከያዙት ያመልጣል፣ ከሚያመልጡት አሥር አንዱ ሥር ይሰዳል፣ ሥር ከሚሰዱት አሥር አንዱ ችግር ይፈጥራል ይላል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩ ለብዙ የእንስሳት ወገኖች ዝቅ ተደርጎ የተቀመጠ መሆኑን አሳይተዋል፤ አብዛኛው ሙከራ በተለያየ ደረጃ ይከሽፋል የሚለው ፍሬ ነገር ግን ለብዙ ዝርያዎች አሁንም ይሠራል። የመሳካት ዕድሉን ከምንም በላይ የሚወስነው «የአሰፋፈር ግፊት» የሚባለው ነው፤ ይኸውም ስንት እንስሳት፣ ስንት ጊዜ ተመላልሰው ገቡ የሚለው ነው። ባላስት ውኃን እስከ ዜሮ ሳያደርሱ መቀነሱ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ሆኖም ግፊት የማያስፈልጋቸው አሉ። እብነ በረድ መሰል ቀለም ያለው ክሬይፊሽ በ1990ዎቹ አጋማሽ በጀርመን የቤት ገንዳዎች ውስጥ ታወቀ። ወንድ የለውም፤ እንስቶቹ ሳይዳቀሉ የራሳቸውን ግልባጭ ይወልዳሉ። በ2018 የታተመው የዘረመል ጥናት በተለያዩ አገሮች ያሉት ሁሉ የአንዲት እናት ግልባጮች መሆናቸውን አሳይቷል። አሁን በማዳጋስካር በሩዝ ማሳዎችና በወንዞች ተሰራጭቷል። ለእንዲህ ዓይነቱ እንስሳ አንዲት እንስት ባልዲ ውስጥ ከተገኘች አዲስ ሕዝብ ለመመሥረት ትበቃለች።

የሚያከራክረው

በ2011 አሥራ ዘጠኝ የሥነ ምህዳር ተመራማሪዎች ዝርያዎች በትውልድ ቦታቸው ሳይሆን በሚያደርሱት ጉዳት ይመዘኑ ብለው ጽፈው ነበር። 141 ሳይንቲስቶች የፈረሙት መልስ ደግሞ፣ ብዙ ወራሪዎች ጉዳታቸው የሚታየው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ስለሆነ ጉዳቱን እስኪያዩ መጠበቅ ጊዜው ካለፈ በኋላ መንቃት ነው የሚል ነበር። በውኃ ውስጥ ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ያደላል። በየብስ የገባ እንስሳ ሲበዛ ይታያል፤ በውኃ ውስጥ ግን ሰው የሚያውቀው ቱቦ ሲደፈን ወይም መረብ ባዶ ሲወጣ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ የሚመሰክር ነገር አለመኖሩ ግን አይደለም። ከአትላንቲክ አሜሪካ የመጣው ማበጠሪያ ጄሊ ኔሚዮፕሲስ በ1982 በጥቁር ባሕር ታይቶ በ1980ዎቹ መጨረሻ የአንቾቪ ዓሣ ምርት ሲወድቅ ጥፋቱ ሁሉ በእርሱ ተላከከ፤ ነገር ግን ባሕሩ ቀድሞውኑ ከልክ በላይ ተጠምዶበት፣ በማዳበሪያ ፍሳሽም ተበክሎ ነበር። በ1997 ይህን ጄሊ ብቻ የሚበላ ሌላ መጤ፣ ቤሮይ፣ ሲደርስ የመጀመሪያው ቁጥር ቀነሰ። ይህን እንደ መፍትሔ የሚጠቅሱ አሉ። ቤሮይን ግን ማንም አስቦ አላመጣውም፤ ኔሚዮፕሲስም ከዚያ በኋላ በባላስት ውኃ በቮልጋና ዶን ቦይ አልፎ በ1999 ካስፒያን ውስጥ ተገኝቷል።

«እንብላቸው» የሚለው ሐሳብም በየጊዜው ይነሣል፤ በ2023 ሰማያዊው ሸርጣን በጣሊያን የፖ ወንዝ አፍ የክላም እርባታን ሲያወድም በሰፊው ተሰምቷል። በብዛት ማጥመድ ቁጥርን ሊገታ ይችላል። ነገር ግን ዋጋ ያለው እንስሳ ባለቤትና አርቢ ያገኛል። የአሜሪካው ሲግናል ክሬይፊሽ ከ1960 ጀምሮ ወደ ስዊድን የገባው ሆን ተብሎ፣ በበሽታ ያለቀውን የአገሬውን ክሬይፊሽ እንዲተካ ነበር፤ እርሱ ራሱ የዚያኑ በሽታ ተሸካሚ ሆኖ ተገኘና የተረፈውን የአገሬውን ክሬይፊሽ በእጅጉ አመናመነው።

የሚጠበቀው

ሥር ከሰደደ በኋላ ማጥፋት የሚሳካው በጣም ጠባብ በሆነ ሁኔታ ነው። በማርች 1999 በአውስትራሊያ ዳርዊን ከተማ (አዎን፣ በዚያው ሰው ስም የተሰየመችው) በሦስት የመርከብ ማረፊያዎች ጥቁር መስመር ያለው ማስል ተገኘ፤ ከስድስት ወር በፊት በተደረገ ቅኝት አልነበረም። ማረፊያዎቹ ተዘግተው በክሎሪንና በመዳብ ሰልፌት ታከሙ፤ በአንድ ወር ገደማ ማስሉ ጠፋ። በውስጣቸው የነበረውም ሌላ ነፍስ ያለው ነገር አብሮ አለቀ። ይህ የተቻለው ማረፊያዎቹ የሚዘጋ በር ስለነበራቸውና ቅኝቱ ቶሎ ስለተደገመ ነው። ዛሬ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ እንስሳት ያራገፉትን ዲ ኤን ኤ ለይቶ መኖራቸውን ማወቅ መቻሉ የመጀመሪያውን ሁኔታ ባይሆንም ሁለተኛውን ያቃልላል።

በዲሴምበር 2022 የጸደቀው የኩንሚንግና ሞንትሪያል ማዕቀፍ የወራሪ ዝርያዎች መግባትና ሥር መስደድ በ2030 ቢያንስ በግማሽ እንዲቀንስ ግብ አስቀምጧል። ወደ ወደብ የሚገባው ግማሽ ላይ የባላስት ስምምነቱ ሊያግዝ ይችላል። በጎዳና፣ በመደብርና በቦይ የሚሄደው ግን ለየአገሩ፣ አንዳንድ ጊዜም ለየሐይቁ አስተዳደር የተተወ ነው፤ አንዱ ጀልባን ሲያጥብ ጎረቤቱ ሳይጠይቅ ያሳልፋል።

ስቶክተን የምትገኘው ካሊፎርኒያ ለ27 ሚሊዮን ሕዝብ የሚደርስ ውኃ ከምትቀዳበት የወንዞች ደለላማ መገናኛ ላይ ነው። ወርቃማው ማስል በወደቧ በተገኘበት በዚያው ወር፣ ከመገናኛው ወደ ደቡብ በሚሄደው የውኃ ማስተላለፊያ ላይ ባለው የኦኒል ፎርቤይ ግድብም ተገኝቷል፤ ወደዚያ ለመድረስ መርከብ አላስፈለገውም።